ግድግዳ ላይ የቀሩ ክሮሞዞሞች

በአብዛኞቹ የሰው ልጅ ህዋሳት ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች እንደሚገኙ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ጉዳይ ቢሆንም፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከ30 ዓመታት በላይ በዓለም ዙሪያ ይታተሙ የነበሩ የባዮሎጂ መጻሕፍት ቁጥሩ 48 ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ክሮሞዞም ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መረጃ የያዘው ዲኤንኤ የተባለ እጅግ ረጅም ሞለኪውል ከፕሮቲኖች ጋር ተጠቅልሎ የሚፈጥረው አካል ሲሆን፣ በዚህ ሞለኪውል ላይ የሚገኙትና አብዛኛውን ጊዜ የፕሮቲንን አሠራር የሚያዝዙት ክፍሎች ደግሞ ጂኖች ይባላሉ። አሜሪካዊው የእንስሳት ጥናት ሊቅ ቴዎፊለስ ፔይንተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ባወጣው አጭር ዘገባ (ከዚህ በኋላም ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እጅግ ጥርት ብለው በታዩት ህዋሳት ውስጥ 46 መቁጠሩን ጠቅሶ ነበር፤ በ1923 ግን በ48 ጸና፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎችም ያንኑ ቁጥር ተቀብለው፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ያዩት ሲያንስባቸው ጉድለቱን የገዛ ዝግጅታቸው ጥራት ማነስ አድርገው ይቆጥሩት ጀመር።

ስህተቱ የታረመው በ1955 መጨረሻ ላይ ነው። በኢንዶኔዥያ የተወለደው ጆ ሂን ቺዮና ስዊድናዊው አልበርት ሌቫን በስዊድን ሉንድ ከተማ ሆነው፣ ህዋሱን ጨው በቀነሰ ፈሳሽ በማሳበጥ ክሮሞዞሞቹ እንዲራራቁ የሚያደርግ ዘዴ ተጠቅመው ሲቆጥሩ ደጋግመው ያገኙት 46 ነበር፤ ውጤታቸውም በ1956 ታተመ። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስታውሱት ከዚያ በፊት በወጡ አንዳንድ መጻሕፍት ላይ ፎቶግራፉን በጥሞና የቆጠረ ሰው 46 ያገኝ የነበረ ሲሆን፣ ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ ግን 48 ይል ነበር። ለትምህርት ሥራ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የበለጠ ሊጤን የሚገባው ይህ ነጥብ ነው፤ ሳይንስ መሳሳቱና መታረሙ የወትሮ መንገዱ ሲሆን፣ ገላጭ ሥዕል ግን አንድ ጊዜ ከተሳለ በኋላ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍም ወደ ግድግዳ እየተገለበጠ፣ መነሻ ከሆነው ምርምር ተነጥሎ ለብቻው መኖር ይጀምራል።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው ገርጂ ይህ ጉዳይ በቅርብ ሊታይባቸው ከሚችሉ ሰፈሮች አንዷ ናት። ከአጸደ ሕፃናት እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለው የትምህርት እርከን በአንድ ሰፈር ተሰብስቦ ይገኝባታል፤ ከግል ትምህርት ቤቶቹ ሌላ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሲሆን፣ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል እያለ የሚጠራው የሚዩንግሰንግ ክርስቲያን የሕክምና ማዕከልም የራሱ የሕክምና ኮሌጅ አለው። አንድ ልጅ ስለ ዘር ውርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የሚያየው የክሮሞዞም ሥዕልና ሐኪም ለመሆን የሚማር ወጣት በሕክምና መጽሐፉ የሚያገኘው ሥዕል በአንድ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ተቀራርበው ቢገኙም፣ በመካከላቸው ያለው የዕውቀት ርቀት ብዙ ጊዜ የአሥርት ዓመታት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራንና ተማሪዎች በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በቀለም የሚስሏቸው፣ በግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከኢንተርኔት ተወስደው በባነር የሚታተሙት የመርጃ መሣሪያዎች ጆንያው እስኪቀደድ ወይም ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ያገለግላሉ እንጂ፣ ይዘታቸው አረጀ ተብሎ የሚወርዱበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። መምህሩ በጆንያ ላይ የሚደክመው ሌላ አማራጭ በማጣቱና ተማሪው እንዲገባው በመጓጓቱ በመሆኑ፣ ድካሙ የሚገባው ክብር ትክክለኛና ወቅታዊ ምንጭ ማግኘት ነው።

በግድግዳ ሥዕሎች ላይ ዘወትር ከሚታዩት ስህተቶች የመጀመሪያው ክሮሞዞምን ሁሉ የኤክስ ፊደል ቅርጽ ሰጥቶ መሳል ነው። ይህ ቅርጽ የሚታየው ህዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል፣ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ቅጂውን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላና ሁለቱ ቅጂዎች ሴንትሮሜር በሚባለው ወገብ ላይ ተያይዘው በሚቆዩባት አጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በቀረው የህዋሱ ዕድሜ ግን ክሮሞዞሙ ከእንዝርት ላይ እንደተተረተረ ፈትል ላልቶ በህዋሱ አስኳል ውስጥ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ጂኖቹም በአብዛኛው ሥራቸውን የሚሠሩት ልክ በዚህ ላልቶ በተዘረጋበት ጊዜ ነው። ተማሪው ኤክስ ቅርጹን ብቻ እያየ ካደገ ሁለቱን እህትማማች ቅጂዎች ከእናትና ከአባት የመጡ ሁለት ክሮሞዞሞች አድርጎ ይረዳቸዋል፤ ይህ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን የዘር ውርስ ትምህርት ሁሉ ከሥሩ ያበላሽበታል። የወንዴውን ዋይ ክሮሞዞም በዋይ ፊደል ቅርጽ የሚስሉ ሥዕሎችም አሉ፤ ዋይ በእውነቱ ወገቡ ወደ አንድ ጫፉ የተጠጋ ትንሽ ክሮሞዞም እንጂ ባለ ሦስት ጫፍ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክሮሞዞሞቹ አሰላለፍ ነው። ካርዮታይፕ የሚባለው፣ የአንድ ሰው ክሮሞዞሞች በጥንድ በጥንድ ተደርድረው የሚታዩበት ምስል የሚዘጋጀው ከክንድ በሚወሰድ ጥቂት ደም ነው። ነጭ የደም ህዋሳቱ እንዲባዙ በሰውነት ሙቀት ልክ ለ3 ቀናት ያህል እንዲቆዩ ከተደረገ በኋላ፣ ኮልቺሲን የተባለው ወይም ተመሳሳዩ ንጥረ ነገር ተጨምሮ ክፍፍሉ ክሮሞዞሞቹ በሚገባ በተጠቀለሉበት ደረጃ ላይ ይገታል፤ ቀጥሎ ጨው የቀነሰው ፈሳሽ ሲጨመር ህዋሱ ውኃ ስቦ ያብጣል፣ ክሮሞዞሞቹም ይራራቃሉ፤ በመጨረሻ በመስታወት ላይ ጠብ ይደረግና ጊምሳ በሚባለው፣ የወባ ደም ምርመራ በሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሁሉ በሚታወቀው ቀለም ይቀለማል። ቀለሙ በክሮሞዞሙ ላይ ደማቅና ፈዛዛ መስመሮችን ስለሚያወጣ እያንዳንዱ ክሮሞዞም በራሱ መስመሮች ተለይቶ ይታወቃል፤ ድሮ ከፎቶግራፍ ላይ በመቀስ እየተቆረጠ ይደረደር የነበረው አሁን በኮምፒውተር ይደረደራል።

የክሮሞዞሞቹ ቁጥር አሰጣጥ የተወሰነው በ1960 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ሲሆን፣ መርሁም ከትልቁ ወደ ትንሹ መሄድ ነበር። ይሁን እንጂ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1959፣ ጀሮም ሌዠን፣ ማርት ጎቲዬና ሬይሞን ቱርፓን በፓሪስ የዳውን ሲንድረም መንስኤ አንድ ትርፍ ትንሽ ክሮሞዞም መሆኑን አሳውቀው ስለነበርና ይህም ክሮሞዞም 21ኛው ተብሎ ስለተለመደ፣ ኋላ ላይ 21ኛው ከ22ኛው ያነሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ቁጥሩን መቀያየር ግራ መጋባትን ያመጣል ተብሎ እንዳለ ተተወ። ዛሬ በተሟላ ንባብ እንደሚታወቀው 21ኛው ወደ 45 ሚሊዮን የሚጠጉ የዲኤንኤ ፊደላት ሲኖሩት 22ኛው ከ51 ሚሊዮን በላይ አሉት፤ ስለዚህ መርሁን ብቻ አምኖ 21ኛውን ከ22ኛው አስበልጦ የሚስል ሠዓሊ ይሳሳታል። እንዲሁም 13፣ 14፣ 15፣ 21 እና 22 ቁጥር ያላቸው ክሮሞዞሞች ወገባቸው ከመሃል ርቆ ወደ ጫፍ የተጠጋ በመሆኑ አንደኛው ክንዳቸው እጅግ አጭር ነው፤ ሁሉንም ወገባቸው መሃል ላይ እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል አንዱን ከሌላው የሚለይበትን ዋና ምልክት ይሰርዛል።

ይህ የሠዓሊ ጥቃቅን ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው የዳውን ሲንድረምን ነገር ሊያጤን ይገባዋል። በየዓመቱ መጋቢት 12 ቀን የሚታሰበው የዓለም የዳውን ሲንድረም ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 21 ላይ እንዲውል የተመረጠው የ21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ቅጂዎች እንዲታሰቡ በሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ተብሎ ነው። በአዲስ አበባ በአቶ አባዱላ ገመዳ የተመሠረተው ዲቦራ ፋውንዴሽንና መሰሎቹ ዳውን ሲንድረም ስላለባቸው ልጆች ኅብረተሰቡ ያለውን አመለካከት ለመለወጥ ይጥራሉ፤ ከዚህ ሥራ አንዱ ደግሞ ሁኔታው እናቲቱ በእርግዝናዋ ወቅት በሠራችው ወይም ባየችው ነገር ምክንያት የመጣ እንዳልሆነ ማስረዳት ነው። ክሮሞዞሞቹ በጥንድ ተደርድረው 21ኛው ላይ ሦስት የሚታዩበት ሥዕል ይህን ከብዙ ቃላት በተሻለ ያስረዳል። ሆኖም ይኸው ሥዕል ሙሉውን እውነት አይናገርም፤ ከመቶ ሦስት ወይም አራት በሚሆኑት ልጆች ላይ ትርፉ ክሮሞዞም ለብቻው ቆሞ ሳይሆን ከሌላ ክሮሞዞም፣ ብዙ ጊዜም ከ14ኛው ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ጠቅላላ ቁጥሩ 46 ሆኖ ይታያል፤ ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ቤተሰቦች ደግሞ ከወላጆች አንዱ ምንም የጤና ችግር ሳይኖርበት 45 ክሮሞዞሞች ይዞ ይገኛል። የሚቀጥለው ልጅ የመወለድ ጉዳይ ለወላጆቹ ጥያቄ በሚሆንበት ጊዜ ትርፉ ክሮሞዞም ለብቻው በመቆሙና ከሌላ ጋር በመጣበቁ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ስለዚህ ትክክለኛ ሥዕል የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውን ካሳየ በኋላ፣ ከሥሩ በአንድ መስመር ሌላም መንገድ እንዳለ የሚጠቁመው ነው።

ምርምር ሲራመድ የሥዕሉ ትርጉም እንዴት እንደሚለወጥ ከሚያሳዩት መካከል የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ታሪክ ይጠቀሳል። ፒተር ኖውልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ በ1960 በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር በተያዙ ሰዎች ህዋስ ውስጥ ያለልክ ያጠረ ክሮሞዞም ባገኙ ጊዜ ክሮሞዞሙ ከፊሉን ያጣ ይመስል ነበር፤ በየመጽሐፉም እንደተቆረጠ ተደርጎ ተሳለ። በ1973 ግን ጃኔት ራውሊ በአዲሱ የመስመር ቀለም ታግዛ፣ ጠፋ የተባለው ቁራጭ በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ተለጥፎ መገኘቱንና 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞሞች ጫፎቻቸውን መለዋወጣቸውን አሳየች። ከዚህ ግንዛቤ የተነሣው ምርምር ካንሰሩን በቀጥታ የሚቆጣጠረውን ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት አስገኘ፤ መድኃኒቱ በ2001 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ ሲሆን ዛሬ በኢትዮጵያም ታካሚዎች ይወስዱታል። ከ1973 በኋላም የተቆረጠውን ክሮሞዞም ብቻ እያሳየ የቀጠለ ሥዕል ለተማሪው በሽታውን ነገረው እንጂ የመድኃኒቱን መነሻ ደበቀበት።

የሰው ልጅ የዘር መረጃ ሙሉ በሙሉ ተነበበ የሚለው ዜና በ2003 ሲሰማ፣ ከመቶው ስምንት ያህል የሚሆነው ክፍል ገና ሳይነበብ ቀርቶ ነበር። የክሮሞዞሞቹ ወገብና ከላይ የተጠቀሱት የአምስቱ ክሮሞዞሞች አጫጭር ክንዶች ተመሳሳይ ፊደላት በብዛት እየተደጋገሙ የሚገኙባቸው በመሆናቸው በጊዜው የነበሩት መሣሪያዎች ሊያነቧቸው አልቻሉም፤ በሥዕሎችም ላይ ባዶ ወይም ጥላ የተቀባ ቦታ ሆነው ይታዩ ነበር። ይህ ክፍተት የተሞላው በ2022 ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የተመራማሪዎች ጥምረት ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ፊደላትን ጨምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተነበበ የዘር መረጃ አወጣ፤ የዋይ ክሮሞዞም ሙሉ ንባብም በ2023 ተከትሎ 62 ሚሊዮን 460 ሺህ 29 ፊደላት እንዳሉት ተገለጸ፤ ከእነዚህ መካከል ከ30 ሚሊዮን የሚበልጡት ቀድሞ ባልተነበበው ክፍል ውስጥ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ዋይ ክሮሞዞምን ግማሹ ባዶ አድርጎ የሚያሳይ የመማሪያ ሥዕል በ2020 ትክክል ነበር፣ ዛሬ ግን አይደለም። በዚያው በ2023 ደግሞ ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተውጣጡ የ47 ሰዎችን የዘር መረጃ ያጣመረ አዲስ መነጻጸሪያ ወጥቷል፤ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በመጽሐፍ የሚሳለው ክሮሞዞም የአንድ ሰው ምስል እንጂ የሰው ልጅ ሁሉ ቋሚ መልክ አለመሆኑ ነው።

ከክሮሞዞም አልፎ ወደ ጂኖች ሲመጣ አሮጌው ሥዕል የሚያደርሰው ጉዳት ከመጽሐፍ ወጥቶ ቤት ድረስ ይገባል። አልፍሬድ ስተርትቫንት የተባለው ታዋቂ የዘረመል ተመራማሪ በ1940 ምላስን እንደ ቱቦ የማጠፍ ችሎታ በአንድ ጂን የሚወሰን መሆኑን ጽፎ ነበር፤ በ1952 ግን በአንድ ዓይነት መንትዮች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ ሲያጥፍ ሌላው የማይችልባቸው ጥንዶች ተገኙ፤ ስተርትቫንት ራሱም ቀድሞ ያለውን ትቶ የቀድሞ ማስረጃው አሳማኝ እንዳልሆነ አመነ። ይህም ሆኖ በብዙ አገሮች የባዮሎጂ መጻሕፍት የምላሱ ምሳሌ እስከ ዛሬ ሳይነቀል ቆይቷል፤ የጆሮ ጫፍ መጣበቅና አለመጣበቅም በዚያው መንገድ በአንድ ጂን የሚወሰን ተደርጎ ይሳላል። ሁለቱ ወላጆቹ ምላሳቸውን ማጠፍ የማይችሉ፣ እርሱ ግን የሚችል ተማሪ በክፍል ውስጥ ሠንጠረዡን ሞልቶ ሲጨርስ የሚደርስበት መደምደሚያ አባቴ አባቴ አይደለም የሚል ሊሆን ይችላል። በስህተት ሥዕል ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ እንዲገባ የሚያበቃ አንዳችም ትምህርታዊ ጥቅም የለም። በምትኩ በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ አንድ ጂን የሚወሰነው የኤ፣ ቢ እና ኦ የደም ዓይነት፣ ወይም ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በብዛት የሚታየውና ኦሲኤ2 ከሚባለው በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ከሚገኘው ጂን ጋር የተያያዘው አልቢኒዝም ለማስተማሪያነት ይበልጥ የሚታመኑ ናቸው። ሁለተኛው ምሳሌ ቆዳቸው ቀለም ስለሌለው ብቻ በየመንገዱ የሚንገላቱ ሰዎችን ሁኔታ በዕውቀት ለመረዳት ስለሚያግዝ ተጨማሪ ዋጋ አለው።

ለኢትዮጵያ ተማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በየቀኑ የሚያየውንና የሚመገበውን ሕያው ነገር ክሮሞዞም ማየት ነው፤ በዚህ ረገድ ያለው ሀብት የሚያስቆጭ ያህል ሳይነካ ተቀምጧል። የጤፍ ክሮሞዞሞች 40 ሲሆኑ እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው በማይክሮስኮፕ መቁጠሩ ራሱ ፈታኝ ሥራ ነበር። ጤፍን ማዳቀልም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ የማይቻል መስሎ ቆይቶ፣ ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤፍ አበባ የሚከፈተው ጧት በግምት ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን በማረጋገጡ መንገዱ ተከፈተ፤ ከዚያ የቀጠለው የማዳቀል ሥራም በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ቁንጮ የተባለውንና በ2006 የተለቀቀውን ነጭ ጤፍ አስገኘ። የጤፍ ዘር መረጃ የመጀመሪያ ረቂቅ በ2014 ኢትዮጵያዊው ዘሪሁን ታደለ በሚመሩት፣ በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ቡድን ጸደይ ከተባለው ዝርያ ተነብቦ ወጣ፤ በ2020 ደግሞ ዳቢ ከተባለው ዝርያ በተሠራ ንባብ ቁርጥራጮቹ በየክሮሞዞማቸው ተሰደሩ። በዚህም ጤፍ ከሁለት የተለያዩ ጥንታዊ የሣር ዝርያዎች የወረሳቸው፣ ኤ እና ቢ ተብለው የሚለዩ ሁለት የክሮሞዞም ስብስቦች እንዳሉትና እያንዳንዳቸው 10 ጥንድ እንደሆኑ በግልጽ ታየ።

ከዚህ ግኝት የሚከተለው በሰሌዳ ላይ የሚሳለውን ሁሉ ይነካል። ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘውና በፐኔት ሠንጠረዥ የሚሰላው ሦስት ለአንድ የሚባለው ምጣኔ ባሕርዩ በአንድ ጂን በሚወሰንበት ጊዜ የሚሠራ ነው፤ እንደ ጤፍ ሁለት ስብስብ በያዘ ተክል ላይ ግን አንድን ባሕርይ በሁለቱም ስብስቦች ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ጂኖች ሊወስኑት ስለሚችሉ ምጣኔው 15 ለአንድ ሊሆን ይችላል። ተማሪው የአተሩን ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ ወደ ደብረ ዘይት የምርምር ማሳ ቢሄድ የሚያየው ነገር ከተማረው ጋር አይገጥምለትም። ቡናም የዚሁ ዓይነት ታሪክ አለው፤ አረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞሞች ሲኖሩት አብዛኞቹ ዘመዶቹ 22 ብቻ አሏቸው፤ ምክንያቱም አረቢካ ካኔፎራና ዩጂኒዮይደስ የተባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ስለሆነ ነው። በ2024 የታተመ ጥናት ይህ መዳቀል የተፈጸመው ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ ገምቷል። አንድ ስኒ ቡና ውስጥ የሁለት ዝርያዎች ክሮሞዞም እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል በየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ የተማሪን ልብ ሊስብ እንደሚችል አያጠራጥርም።

ከእንስሳት ወገን ከብት 60 ክሮሞዞሞች ያሉት ሲሆን፣ ከአውሮፓ መጻሕፍት የሚገለበጡት ሥዕሎች ያለማስታወሻ የአውሮፓን ከብት ብቻ ያሳያሉ። የአውሮፓ ከብት ዋይ ክሮሞዞም ሁለት የሚታዩ ክንዶች ሲኖሩት፣ ሻኛ ያለው የዜቡ ከብት ዋይ ግን ወገቡ ጫፍ ላይ በመሆኑ አንደኛው ክንዱ እምብዛም አይታይም። በኢትዮጵያ የሚረባው ከብት አብዛኛው ሻኛ ያለው በመሆኑ፣ የአውሮፓውን ኮርማ ክሮሞዞም ገልብጦ መለጠፍ ተማሪውን ከገዛ በረቱ ያርቀዋል። ከገርጂ ብዙም በማይርቀው በጉርድ ሾላ ግቢው ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የአፍሪካ ከብቶችን ዘር ሲያጠና የቆየ በመሆኑ፣ ለመምህራን የሚሆን ምንጭ በቅርብ አለ ማለት ይቻላል።

በአማራ ክልል ተራሮች ላይ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ደግሞ ሥዕሎች ለምን መታረም እንዳለባቸው የሚያሳይ ከሁሉ የቀረበ ማስረጃ ነው። ቀደም ሲል በመካነ እንስሳት ውስጥ ከነበሩ ጭላዳዎች ተቆጥሮ የታወቀው የክሮሞዞም ቁጥር 42 ነበር፤ በ2022 የወጣው የጭላዳ ዘር መረጃ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች የሚኖሩት ጭላዳዎች 44 እንዳላቸውና ልዩነቱም ሰባተኛው ክሮሞዞም ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፍሎ የመጣ እንደሆነ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያልጠበቁት ይህ ውጤት፣ ሁለቱ ወገኖች ቢዳቀሉ ልጆቻቸው ለመውለድ ይቸገሩ ይሆናል የሚል አዲስ ጥያቄ አስነሥቷል፤ እንስሳው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ በመሆኑም ጥያቄው በጥበቃ ሥራው ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አለው። ጭላዳ 42 ክሮሞዞሞች አሉት ብሎ ያለ ምንም ማስታወሻ የሚጽፍ መጽሐፍ ካለ፣ ያ መጽሐፍ በሰሜን ተራሮች ስላሉት የራሱ አገር ጭላዳዎች ተሳስቷል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ጭምር እንዲሰራጩ በማድረጉ፣ ቀድሞ ያልነበረ ዕድል ፈጥሯል። በወረቀት የታተመ መጽሐፍ እስኪታደስ ዓመታት ይወስዳል፤ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው ፋይል ግን አንድ ሥዕሉ ብቻ ተለውጦ በማግሥቱ ሊወጣ ይችላል። ችግሩ የተስተካከለው ሲወጣ ያልተስተካከለውም አብሮ መሰራጨቱን ስለማያቆም፣ ተቀባዩ የትኛው አዲሱ እንደሆነ የሚለይበት ምልክት መኖር አለበት። ዓለም አቀፉ የሰው ክሮሞዞም ስያሜ ሥርዓት በየጊዜው እየታደሰ የሚወጣ ሲሆን የሚጠራውም በወጣበት ዓመት ነው፤ የቅርቡ እትም የ2024 ነው። ይህ ልማድ በመማሪያ ሥዕሎች ላይም ሊሠራ የማይችልበት ምክንያት የለም።

አንድ መምህር ሁሉንም አዲስ ጥናት እየተከታተለ ሥዕሉን እንዲያድስ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሳምንቱን በሙሉ የተጨናነቀ ክፍል ሲያስተምር ለሚውል ሰው ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። ሸክሙን መሸከም የሚገባቸው የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፣ የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍሎችና የምርምር ተቋማት ናቸው፤ እነርሱ በዓመት አንድ ጊዜ የተስተካከሉ ጥቂት ሥዕሎችን፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰይመው፣ በነፃ ቢያወጡ መምህሩ ጆንያውን ይዞ መቅዳት ብቻ ይቀረዋል። ሥዕሉ መቅለሉ ራሱ ስህተት አይደለም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሦስት ቢሊዮን ፊደላትን አያይም፣ ማየትም የለበትም። ስህተት የሚሆነው ቀለል ተደርጎ የተሳለው ነገር ቀለል መደረጉ ሳይነገር ሲቀር ነው።

በመጪው ክረምት፣ ትምህርት ቤቶች ግድግዳቸውን ቀብተው መርጃ መሣሪያዎቻቸውን በሚያድሱበት ወቅት፣ በገርጂም ሆነ በሌላ ሥፍራ ያሉ የባዮሎጂ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ከእያንዳንዱ የክሮሞዞም ሥዕል ሥር ሦስት ነገሮችን እንዲያጽፉ ይጠየቃሉ፦ ሥዕሉ የተመሠረተበት ዕውቀት የወጣበት ዓመት፣ የክሮሞዞሞቹ መጠን ከእውነተኛው ጋር የተመጣጠነ መሆኑ ወይም አለመሆኑ፣ እንዲሁም ለማቅለል ሲባል የተተወው ነገር ምን እንደሆነ። የምላሱና የጆሮው ሠንጠረዥ ግን ማስታወሻ ሳያስፈልገው ከግድግዳው ይውረድ።